የሐሙስ ለቅሶ

ባለፈው መጋቢት፣ በረዶው አንድ ቀን ቺኑክ በሚሉት ሞቃት ንፋስ ቀልጦ በማግስቱ መልሶ መስታወት በሆነበት ሳምንት፣ የታጠበ ልብስ በቅርጫት ይዤ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ልጄ ሊዲያ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ጌም ትጫወታለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ግማሽ፣ እንግሊዝኛዋ ሙሉ፣ ኩርፊያዋ ደግሞ ከሁለቱም የሚበልጥ። ስክሪኑን ላየው አልፈለግኩም ነበር። ከጌም ሥራ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ሲጫወቱ ማየት ብዙም ደስ አይለኝም። ግን ዓይኔ አረፈበት።

ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ንጉሥ በድንጋይ አዳራሽ መሃል ቆሟል። መልእክተኛ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገረው። ሽማግሌው ወዲያው አልጮኸም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ቀኝ እጁ ግራ ትከሻው ላይ ወጥቶ አንድ ነገር ፈለገ፤ አጣው፤ እንደገና ፈለገ። ከዚያ ሁለት እጁን ማጅራቱ ላይ አቆላልፎ ጎንበስ ቀና ማለት ጀመረ።

ቅርጫቱን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ያ ትከሻው ላይ የሌለ ጋቢ የሚፈልገው እጅ የአባቴ እጅ ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል።

"ማሚ፣ ዩ ኦኬ?" አለች ሊዲያ። "ኦልድ ጌም እኮ ነው። ሪማስተር አድርገው እንደ አዲስ አውጥተውት ነው።"

"አውቀዋለሁ" አልኳት።

"ካትሲኑ በጣም ረጅም ነው" አለችና ትዕይንቱን ለመዝለል በአውራ ጣቷ ቁልፉን ተጫነችው። አባቴ ከስክሪኑ ጠፋ፤ በእሱ ቦታ ፈረስና ጎራዴ መጣ።

ያንን ጌም ስንሠራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ዳውንታውን፣ የነዳጅ ድርጅቶቹ ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል በተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ጌም የሚሠሩ አሥራ ምናምን ሰዎች ነበርን። ክረምት ላይ ከሲ-ትሬን፣ ከከተማው ባቡር፣ ወርጄ ፕላስ ፊፍቲን ላይ እወጣለሁ። ከሕንፃ ሕንፃ የሚያሻግረው ያ የመስታወት ድልድይ ባይኖር ኖሮ የካልጋሪን ጥር አልችለውም ነበር። ሱፍ የለበሱት የነዳጅ ሰዎች ወደ ላይ፣ ሹራባችን የተበላ እኛ ደግሞ ወደ ጓዳችን። ያን ጊዜ በራሴ በጣም እኮራ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ኩራት ነው መዘዙን ሁሉ ያመጣው።

ሥራዬን ለሐበሻ ማስረዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ "ምን ትሠሪያለሽ?" ይሉኛል። "ጌም መሃል ላይ የሚመጣውን አጭር ፊልም እሠራለሁ" እላለሁ። "ኮምፒዩተር ነዋ" ይላሉ። "አዎ፣ ኮምፒዩተር።" "እንግዲያው የኛ ፕሪንተር አልሠራ ብሎ ነበርና አንድ ቀን ብቅ በይ።" የስንቱን ሰው ፕሪንተር ጠግኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲኒማ ቤት የምናየውን አኒሜሽን ሲሠሩ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዷን ምስል ሰዓታት ፈጅቶ ነው አስልቶ የሚያወጣት። እኛ ግን የምንሠራው ጌሙ ራሱ በሚሄድበት ፕሮግራም፣ ኢንጂን በሚባለው፣ ውስጥ ነው። ዓለሙ እዚያው ፊትህ ይኖራል። ፀሐይዋን በጣትህ ስታዘቀዝቃት ጥላው አብሮ ይረዝማል፤ ካሜራውን ጣሪያ ላይ ብትሰቅለው፣ ሰውዬው ጫማ ሥር ብትቀብረው፣ የፈለግከውን ወዲያው ታያለህ። መጠበቅ የለም። ምግብ እያበሰሉ እንደመቅመስ ነው። አንድ ነገር ብቻ ኢንጂኑ አይሰጥህም፤ የሰው እንቅስቃሴ። እሱን ከሰው መውሰድ አለብህ። ትናንሽ ግራጫ ኳሶች የተለጠፉበት ጥቁር ልብስ ለተዋናይ ታለብሰዋለህ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ካሜራዎች ኳሶቹን ይከታተላሉ፣ ከዚያ ያ እንቅስቃሴ ለፈለግከው ገጸ ባሕርይ ይለበሳል።

የዚያን ዓመት ጌም የሆነ የተራራ አገር መንግሥት ታሪክ ነበር። መሃሉ ላይ ንጉሡ የልጁን ሞት የሚሰማበት አንድ ትዕይንት አለ፤ ለኔ ተሰጠኝ። የቀጠርነው ተዋናይ መጣና በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሁለት ጭብጡን ወደ ሰማይ ሰድዶ ጮኸ። አለቃችን ኬቨን "ጥሩ ነው" አለ። እኔ አፌን ሞልቼ "ሰው እንዲህ አያለቅስም" አልኩ። "በተለይ ሽማግሌ። በተለይ ተራራ አገር።"

ኬቨን ክፉ ሰው አልነበረም። "እሺ፣ አሳዪኛ" አለ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ።

ተነስቼ ልሞክር ብል ምን ልሁን? እኔ ለቅሶ ቤት ሻይ ከማዞርና የወረቀት ኩባያ ከመልቀም ሌላ ሙያ የለኝም። እጄን ወዲህ ወዲያ አድርጌ አፍሬ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ።

አባቴ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ ግርማ የሚለው፣ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነበር። እናቴ ገና አዲስ አበባ ሳለን ስላረፈች ሳድል ሪጅ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። በካልጋሪ ሐበሻ ዘንድ የሚታወቀው ግን በታክሲው አይደለም፤ በመርዶው ነው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ እድሩ መጀመሪያ ለአባቴ ይደውላል። እሱ ነው ሽማግሌ የሚሰበስበው፣ እሱ ነው በር የሚያንኳኳው፣ እሱ ነው የሚናገረው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል፣ ጺሙን ይላጫል፣ በክረምት ጃኬቱ ላይ ጋቢውን ይደርባል። መኪናውን ሁለት ቤት አልፎ ያቆማል፤ ሰውየው በመስኮት አይቶ ብቻውን እንዳይደነግጥ።

ሕጎችም ነበሩት። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሥራ ሊገባ ለተነሳ ሰው አይነገርም። ቅዳሜ ወይ እሑድ ይጠበቃል፤ ሰው የሥራ ሺፍት የሌለው ያኔ ነው፣ ደግፎ የሚይዘው ወገን የሚገኘው ያኔ ነው። ይህን ሕግ ያወጣው አንድ ልጅ ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ እየነዳ የእናቱን ሞት በስልክ ሰምቶ መኪናውን ከብረቱ ጋር ካጋጨ በኋላ ነው። ጥሩ ሕግ ነበር። ዛሬም ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

"አባዬ፣ እኔ ሥራ ቦታ መጥተህ ትንሽ ለቅሶ ታሳየኛለህ?" ስለው በጣም ሳቀ። "አሁን ይሄ ሥራ ሆኖ ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ?" አለኝ። ግን ደስ ብሎታል። በማግስቱ ኤርፖርት ተሰልፈው ተሳፋሪ ለሚጠብቁ ጓደኞቹ ሁሉ "ልጄ ፊልም ልታሠራኝ ነው" ብሎ አውርቷል። የቀረጻውን አዳራሽና ካሜራዎቹን የተከራየነው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሐሙስ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ አባቴ ሥራ ወጥቶ፣ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ከደብረ ሲና የአጎቴ ልጅ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ታደሰ፣ እሑድ ማታ ደክሞኛል ብሎ ተኝቶ አልተነሳም። ሰኞ ተቀብሯል። "ለጋሼ እንደ ወጉ ይነገረው፣ አደራ" አለኝና ስልኩ ተዘጋ።

ወንድማማቾቹ ከሁለት ሌላ አልነበሩም። አባቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ በስልክ ካርድ ይደውልለታል። ካርዱ ላይ ያለውን ደቂቃ እስኪጨርሱ ስለ ባቄላው፣ ስለ ጉንፋኑ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለተጣሉበት አንድ በግ ይከራከራሉ። ይሄ ሁሉ ፊቴ ድቅን አለብኝ፤ የኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ለጋሼ በላቸው ደወልኩ። ጋሼ በላቸው የአባቴ የልብ ጓደኛ ነው፤ መርዶ ሲሄዱ ሁልጊዜ ከጎኑ የሚቆም።

"እሑድ ነው የምንነግረው" አለኝ። "እሱ ራሱ ቢሆን እንዲሁ ነው የሚያደርገው። እስከዚያ ቻይው፣ ልጄ። የስልክ ካርዱንም ሰውሪበት።"

ካርዱን ከቦርሳው አውጥቼ የክረምት ቦቴ ውስጥ ደበቅኩት። እስከዚህ ያደረግኩት ሁሉ እንደ ወጉ ነው። ማንም ሐበሻ አይፈርድብኝም።

ሐሙስን ግን ላስቀረው እችል ነበር። ለኬቨን አንድ ቃል ብነግረው ይገባው ነበር። ረቡዕ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ባስቀረው አባቴ ይጠረጥራል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ውሸቴን ነው። ትዕይንቱን ፈልጌው ነው። ከዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሃል "እኔ ያልኩት ልክ ነበር" ማለት ፈልጌ ነው። ይህን ለመናገር አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሐሙስ ቺኑክ ነበር። መንገዱ በጭቃ ውኃ ተጥለቅልቆ፣ ሰማዩ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ እንደ ቅስት የተቆረጠ ደመና። ሁዳዴ ስለሆነ አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም፤ ለመልስ ጉዟችን የሱፍ ፍትፍት በዕቃ ይዤለታለሁ። በመኪናው ሬዲዮ የአየር ሁኔታ እየሰማ "ታዴ ይሄን ንፋስ ቢያየው ምን ይል ነበር?" አለኝ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

አዳራሹ ከከተማው ሳውዝ ኢስት ጥግ ያለ የዕቃ መጋዘን ነው። ልብሱን ሲያየው አባቴ ደነገጠ። ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል ጥቁር ነገር ነው፤ ሆዱና ጉልበቱ ሁሉ ይታያል። "ሮሚዬ፣ ራቁቴን የቆምኩ ነው የሚመስለው" አለኝ በጆሮዬ። "ጋቢዬን ልደርብ?"

"አይሆንም አባዬ፣ ካሜራዎቹ ኳሶቹን ማየት አለባቸው።"

ጋቢውን አጥፎ ሰጠኝ። ያዝኩለት።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። አባቴ በሰው ፊት አፍሮ እጁን ትንሽ አነሳ፣ ትንሽ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ሳቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ትዕይንቱ የልጅ ሞት መሆኑን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። "እሱን አላደርግም። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ በአፌም በእጄም ሟርት አልጠራብሽም" አለ። ኬቨን ሰዓቱን አየ። ሦስተኛው ሙከራም ባዶ ነበር። ኬቨን ወደ እኔ መጥቶ በትህትና "እንግዲህ ተዋናዩ የሠራውን እንጠቀማለን፣ ችግር የለውም" አለኝ።

ያኔ ወደ አባቴ ሄድኩ። ጋቢው ክንዴ ላይ እንዳለ። የተናገርኩት እያንዳንዱ ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

"አባዬ፣ ለልጅ አይሁን። ለጋሽ ታደሰ አድርገው።"

አየኝ። "ታዴ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ለማስመሰል ነው።"

"ደህና ነው አይደል?"

"ደህና ነው" አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ወደ አዳራሹ መሃል ሄደ። ኬቨን ጀምሩ አለ። አባቴ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እጁ ትከሻው ላይ ጋቢውን ፈለገ። ሰው ሲያለቅስ የጋቢውን ጫፍ ነው የሚይዘው፣ እንባውንም የሚጠርገው በሱ ነው፤ ጋቢው ግን እኔ ጋ ነው። አጣው። እንደገና ፈለገ። ከዚያ እጁን ማጅራቱ ላይ አቆላልፎ "ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ ጥላዬ" እያለ ተወዛወዘ። ደረቱን መታ። ዞረ። በአገራችን ለቅሶ ቤት ሽማግሌ ሲያለቅስ እንደሚያደርገው፣ ከማይታይ ሰው ጋር እየተነጋገረ፣ ስለ ባቄላው፣ ስለዚያ በግ ነገር፣ "ይቅር ብዬሃለሁ እኮ፣ ምነው ሳትሰማኝ" እያለ። ከእኔ በቀር ቃሉ የሚገባው ሰው አልነበረም። ኬቨን ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

ሲጨርስ ቀና አለ። በቀስታ ዞሮ እኔ ወደቆምኩበት፣ ገመዶቹ ወደተጠቀለሉበት ጥግ፣ አየ። ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። አቀርቅሬ ጋቢውን ማስተካከል ጀመርኩ። ካሜራዎቹ ገና አልቆሙም ነበር።

መኪና ውስጥ ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። ፍትፍቱን ከፍቼ ሰጠሁት። አንድ ጉርሻ አንስቶ መልሶ አስቀመጠውና "ጠግቤያለሁ" አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳን ያልቀመሰ ሰው። ቤት እንደገባን ቦርሳውን መበርበር ጀመረ።

"የስልክ ካርዴን አይተሽዋል?"

"አላየሁም።"

"ለታዴ ልደውል ነበር።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ አባዬ። ቅዳሜ ትደውላለህ።"

"እሺ" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ካርዱ አልጠየቀኝም። ዓርብ ሥራ ሄደ፣ መጣ። ቅዳሜ ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ ሩቅ አልነበረም፤ አልሄደም። ያኔ ቢገባኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እኔ ልብሴን ለብሼ ነበር። አባቴም ለካ ለብሶ ሳሎን ቁጭ ብሏል። ተነስቶ በሩን ከፈተ። ስምንት ሰዎች በክረምት ጃኬታቸው ላይ ጋቢና ነጠላ ደርበው በረዶው ላይ ቆመዋል፤ ጋሼ በላቸው ከፊት። መኪናዎቻቸው ሁለት ቤት አልፈው ነው የቆሙት። ይህን ሥርዓት ከአባቴ ነው የተማሩት። አባቴ የመርዶን በር ከውስጥ በኩል ሆኖ አይቶት አያውቅም።

ጋሼ በላቸው አፉን ሊከፍት ሲል አባቴ እጁን አነሳ።

"ግቡ፣ ብርድ ነው" አለ። "ታዴን እኔ ሐሙስ አልቅሼዋለሁ።"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሼ በላቸው ወደ እኔ ዞሮ "ነገርሽው እንዴ?" አለኝ። "አልነገርኩትም" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ከዚያ በላይ የምጠላው እውነት የለኝም።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ቤቱ በሰው ሞላ፤ ምስርና ጎመን በየትሪው መጣ፤ ሴቶቹ ከበር ጀምረው እያለቀሱ ይገባሉ። አባቴ ተነስቶ ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ ሻይ ይቅረብላቸው ይላል። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣውም። የሰው ለቅሶ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚያለቅስ ሰው ለገዛ ወንድሙ ደረቅ ሆነ። "ሐዘን አደንዝዞት ነው" ያሉ ነበሩ። "ጨከነ" ያሉም ነበሩ፤ ሻይ ሳዞር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኩባያ መልቀሜን ቀጠልኩ። ለምን እንደማያለቅስ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ማክሰኞ ማታ ወንበሮቹን ለቤተ ክርስቲያን መልሰን ስንመጣ መኪና ውስጥ ተናገረ።

"ጠይቄሽ ነበር።"

"አባዬ፣ ወጉ ነው ብዬ፣ ጋሼ በላቸውም እሑድ ይሁን ስላሉ . . ."

"ወጉን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ወጉ እስከ ቀኑ ዝም በሉት ይላል። አስለቅሱት አይልም።"

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ከቤቴ ውጪ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። መብራት ያዘን፤ አረንጓዴ ሲሆን ነዳ።

ረቡዕ ጥቁር ለብሼ ሥራ ገባሁ። የቀረጻው ፋይል ደርሶኛል። ስከፍተው ፊት የሌለው ግራጫ ሰውዬ በባዶ ሜዳ ላይ ቆሟል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ እጁ ወደ ትከሻው። እንቅስቃሴው ሲያልቅ ራሱ እንደገና ይጀምራል፤ ካላቆምከው አይቆምም። አባቴ ቤት ውስጥ እንቢ ያለውን ለቅሶ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ለንጉሡ አለበስኩት። ብርሃኑን አስተካከልኩ። ፊቱን በእጄ ሠራሁት፣ ልብሱ የሰውነትን እንጂ የፊትን እንቅስቃሴ አይወስድምና። ያንን ፊት ለመሥራት ማንን ማሰብ እንዳለብኝ መቼም ግልጽ ነው።

ካሜራውን የት ላስቀምጥ ብዬ ብዙ ዞርኩ። ከላይ ሞከርኩ፣ ከጎን ሞከርኩ። በመጨረሻ ልክ የመጣው እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው፤ ያ የገመዶቹ ጥግ። ከዚያ ሲታይ ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ ቀጥታ ስክሪኑ ፊት የተቀመጠውን ሰው ያያል። አራት ሰከንድ ተውኩለት። ረዘመ ያሉ ነበሩ። ኬቨን ግን "እሷን እይታ እንዳትነኩብኝ" አለ።

ትዕይንቱ ተወደደ። በየመጽሔቱ ተጻፈለት፤ እሱን ይዤ ትልቅ ድርጅት ገባሁ። እንቅስቃሴውም በዚያ አልቀረም። አንዴ ከተያዘ ለማንም ይለበሳልና ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬም፣ ልጇ የጠፋባት ሴትም በአባቴ እጅ ጋቢ ይፈልጉ ጀመር። አንድ ቀን "ፊልሙ ወጥቷል አባዬ፣ ላሳይህ?" አልኩት። ለሰላጣ ቲማቲም እየከተፈ ነበር። "እኔ እዚያ ነበርኩ" አለኝ፤ መክተፉንም አላቆመም።

ተጣልተን ኖርን አልልም። ዳረኝ፣ ሊዲያን አቀፈ፣ አብረን ስቀናል፣ ሬድስቶን ሰፈር ቤት ስገዛ ግድግዳውን የቀባልኝ እሱ ነው። ሁለት ነገር ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ መርዶ ሄዶ አያውቅም። እድሩ ቢለምነው "እኔ ሰው በር ላይ ቆሜ ማን ያምነኛል?" ይላል፤ ማንም አልገባውም። ሁለተኛው፣ እኔ "ደህና ነው" ካልኩት ሌላ ሰው ይጠይቃል። በመጨረሻው ዓመት ሐኪም ቤት ስንመላለስ ውጤቱን አንብቤ "ደህና ነው አባዬ" ስለው፣ ራሱን ነቅንቆ፣ እኔ ዞር እስክል ጠብቆ፣ ነርሷን በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው ይጠይቃታል። "ማይ ብለድ፣ ኢት ኢዝ ጉድ? ትሩ?" አንዴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁት። መጋረጃውን ሳልገልጥ ተመለስኩ።

ካረፈ በኋላ እሱ ያለበትን ቪዲዮ ሁሉ ሰበሰብኩ። ካሜራ አይወድም ነበር። ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ኬክ ፊት ተቀምጦ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ። አንድም ቦታ ቆሞ ሲራመድ የለም። አባቴ ሲንቀሳቀስ የሚታየው ዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም በውሸት ነው የወሰድኩት።

እና ባለፈው መጋቢት፣ ቤዝመንት ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ሊዲያን "እስቲ ወደ ኋላ መልሺው" አልኳት።

"ማሚ፣ ሲርየስሊ?"

"መልሺው። ስኪፕ እንዳታደርጊው።"

ተነጫንጫ መለሰችው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መልእክተኛው ነገረው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። እጁ ጋቢውን ፈለገ፤ አጣው፤ እንደገና ፈለገ። ጎንበስ፣ ቀና። ሊዲያ ስልኳን እያየች ነበር። አያቷ መሆኑን አታውቅም፤ ነግሬያት አላውቅም።

ሽማግሌው ጨርሶ ቀና አለ። በቀስታ ዞሮ አየኝ። ሊዲያም ያኔ ቀና አለች።

"ማንን ነው ግን የሚያየው?" አለች። "እዛ ጋ እኮ ኖባዲ የለም።"

አራት ሰከንድ ለአንድ ቃል ይበቃል። ያኔም ይበቃ ነበር።

"አርፏል፣ አባዬ" አልኩት። "ጋሽ ታደሰ እሑድ ማታ አርፏል።"

"ዋት?" አለች ሊዲያ።

ስክሪኑ ጠቁሮ ነበር። ወዲያው ፈረሱ መጣ፣ ጎራዴው መጣ፣ እሷም ጨዋታዋን ቀጠለች።